ቁልፍ ያዡ፦ የኤድዋርድ ስኖውደን ጉዳይ ከሰርቨር ክፍል ሲታይ

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁን 9 ቀን 2013 በሆንግ ኮንግ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ለዓለም ታየ። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የረጋ የ29 ዓመት ወጣት ስሙን ተናገረ፤ ቀጥሎም የሠራባቸውን መደቦች ዘረዘረ። ሲስተም ኢንጂነር፣ ሲስተም አድሚኒስትሬተር፣ የሲአይኤ ከፍተኛ አማካሪ እያለ ቀጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ የአሜሪካን የስለላ ኤጀንሲ ምስጢራዊ ሰነዶች ለጋዜጠኞች አሳልፎ ስለሰጠው ስለ ኤድዋርድ ስኖውደን ያልተባለ የለም። ገሚሱ ጀግና ይለዋል፤ ገሚሱ ከሃዲ። ከዘረዘራቸው መደቦች ሁለተኛው ላይ ቆም ያለ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ለዓመታት የኖርኩት በዚሁ ሙያ ስለሆነ ጉዳዩን ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያች ቃል ላይ ነው። ሲስተም አድሚን፣ ማለትም የአንድን ተቋም ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ ምን ያያል? ምን ማድረግ ይችላል? እሱንስ ማን ያየዋል? እነዚህን ያልጠየቀ ሰው ስኖውደን ስለ መንግሥትና ስለ ቴክኖሎጂ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ የሚገባው አይመስለኝም።

ወታደሩ

የተወለደው ጁን 21 ቀን 1983 በሰሜን ካሮላይና፣ ኤሊዛቤት ሲቲ ነው። ያደገበት ቤት የመንግሥት አገልጋዮች ቤት ነበር። አባቱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መኮንን፣ እናቱ በሜሪላንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ የእናቱ አባት ደግሞ በዚያው በጠረፍ ጥበቃ እስከ አድሚራልነት የደረሱ ሰው ነበሩ። በልጅነቱ ቤተሰቡ የሄደበት የሜሪላንድ አካባቢ ከፎርት ሚድ፣ ማለትም ከብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኤንኤስኤ) ዋና መሥሪያ ቤት፣ ብዙም የሚርቅ አይደለም። በሕመም ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ በኋላ በፈተና ተመጣጣኝ የምስክር ወረቀት አገኘ። ኮምፒውተርን በአመዛኙ የተማረው በራሱ ነው።

በሜይ 2004 በአሜሪካ ጦር ተጠባባቂ ኃይል ተመዘገበ፤ የገባበት መርሐ ግብር ምልምሉን በቀጥታ የልዩ ኃይል ዕጩ የሚያደርግ ነበር። ኢራቅ ሄዶ መዋጋት የፈለገው ሰዎችን ከጭቆና ማላቀቅ ሰብአዊ ግዴታው እንደሆነ ስላመነ መሆኑን በኋላ ለጋርዲያን ጋዜጣ ተናግሯል። ካሠለጠኑት ውስጥ ብዙዎቹ ግን ማንንም ለመርዳት ሳይሆን አረብ ለመግደል የጓጉ መስለው ታዩት። በሥልጠናው እግሮቹ ተጎዱና ሴፕቴምበር 28 ቀን 2004 ተሰናበተ። ጉዳቱ ምን ያህል ነበር በሚለው እንኳ ስምምነት የለም። እሱ ሁለቱም እግሮቼ ተሰበሩ ይላል፤ የተወካዮች ምክር ቤት የስለላ ኮሚቴ ደግሞ የአገዳ ሕመም ብቻ ነው ብሏል።

አምስት ወር ያልሞላ አገልግሎት ሰውን «የቀድሞ ወታደር» ያሰኘዋል ወይ የሚል ይኖራል። እኔን የሚያሳስበኝ የቆይታው ርዝመት አይደለም፤ በዚያ አጭር ጊዜ የገባው መሐላ ነው። የአሜሪካ ምልምል ወታደር የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ከውጭም ከውስጥም ጠላት እንዲጠብቅ ይምላል፤ አክሎም የፕሬዚዳንቱንና የአለቆቹን ትእዛዝ እንደሚፈጽም ቃል ይገባል። በሲቪል መደብ የሚቀጠር የፌዴራል ሠራተኛ መሐላ ግን ይህ የመታዘዝ አንቀጽ የለውም፤ ሕገ መንግሥቱ ብቻ አለ። ሁለቱን መሐላዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው የስኖውደን ሙግት ከየት እንደመነጨ ያያል። በዲሴምበር 2013 ለዋሽንግተን ፖስት እንዳስረዳው፣ የገባው መሐላ ምስጢር የመጠበቅ መሐላ አልነበረም፤ ለሕገ መንግሥቱ የተገባ ነው። ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመው ወረቀት በሱ ዓይን ውል ነው። ውልና መሐላ ሲጋጩ የቱ ይበልጣል? አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ይላሉ። እዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ችግር አደራው ሁለት መሆኑ ነው።

ቁልፍ ያዡ

ከጦሩ ከወጣ በኋላ በ2005 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የቋንቋ ምርምር ማዕከል ጥበቃ ሆኖ ሠራ። በ2006 ሲአይኤ ቀጠረው፤ በ2007 በዲፕሎማት ሽፋን ወደ ጄኔቭ ተላከ፤ እዚያም የኮምፒውተር ኔትወርክ ደኅንነት ይጠብቅ ነበር። በ2009 ሲአይኤን ለቀቀና በዴል ኩባንያ ተቀጥሮ በጃፓን በኤንኤስኤ ተቋም ሥራ ጀመረ። በ2012 ወደ ሃዋይ ተዛወረ። የሥራ ቦታው ኩኒያ በምትባል ስፍራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀረ የምድር ውስጥ ተቋም ነበር። በማርች 2013 ለኤጀንሲው በኮንትራት ወደሚሠራው ቡዝ አለን ሃሚልተን ኩባንያ ተሻገረ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ሜይ 20 ቀን ወደ ሆንግ ኮንግ በረረ።

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። በአንድ የስለላ ተቋም ውስጥ ተንታኙ የሚያየው የተመደበበትን ጉዳይ ብቻ ነው። ቢሮዎች በግድግዳ የሚለያዩትን ያህል ፋይሎችም በፈቃድ ይለያያሉ። ሲስተም አድሚኑ ግን ያለው ግድግዳዎቹ ሥር ነው። ሰርቨር፣ ማለትም የተቋሙ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ ሲሞላ ፋይል የሚያዛውረው እሱ ነው፤ የጠፋ ሰነድ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) የሚመልሰው፣ የተቆለፈ አካውንት የሚከፍተው፣ ለአዲስ ሠራተኛ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሰነዱን ማንበብ አያስፈልገውም፤ መድረስ ግን የግድ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ለመቅዳት የደረሰንና ለማንበብ የደረሰን ሰው አይለይም።

ከዚህ የከበደው ሎጉ ነው። ማን ምን ከፈተ፣ መቼ ከፈተ የሚለው መዝገብ ራሱ የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ደግሞ አድሚኑ ነው። መዝገቡ እሱ ወደማይደርስበት ሌላ ቦታ በየሰከንዱ ካልተላከ በቀር፣ አድሚኑን የሚቆጣጠረው አድሚኑ ራሱ ነው ማለት ነው። በሙያው የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ግን ማስተካከል ገንዘብና ሰው ስለሚፈልግ ሥራው ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል።

ሃዋይ የሆነው ይኸው ነው። የኤጀንሲው ኃላፊዎች በኋላ እንደተናገሩት የስኖውደን ሥራ ሰነዶችን ወደተሻለ ጥበቃ ማዛወርን ይጨምር ነበር። ስለዚህ ብዙ ፋይል ሲቀዳ ያየ ሰው አይደነግጥም፤ ሥራው ነዋ። በፌብሩዋሪ 2014 ኒውዮርክ ታይምስ የስለላ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ እንደዘገበው፣ የተጠቀመው ማንም ሊያገኘው የሚችል፣ ድረ ገጽን እየተከተለ በራሱ የሚቀዳ ተራ ፕሮግራም ነው። ከውስጥ የሚመጣን አደጋ የሚከታተለው አዲሱ ሶፍትዌር የሃዋዩ ቅርንጫፍ ገና አልደረሰውም ነበር። በዚያው ወር ኤጀንሲው ለኮንግረስ በጻፈው ደብዳቤ አንድ ሲቪል ሠራተኛ በስኖውደን ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ እንደነበርና ሥራውን እንደለቀቀ ገልጿል። ስኖውደን የማንንም የይለፍ ቃል አልሰረቅሁም ይላል።

የጉዳዩ እምብርት ለእኔ እዚህ ጋ ነው። የወሰደው ሰነድ ስንት ነው? 1.5 ሚሊዮን ያለ አለ፤ 1.7 ሚሊዮን ያለ አለ። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የነካቸውን ወይም ሊደርስባቸው የቻለውን የሚገምቱ ናቸው፤ ይዞት የሄደውን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። በዚያው በጋ፣ በጁላይ 2013 መጨረሻ፣ የኤጀንሲው ዋና ኃላፊ ጄኔራል ኪት አሌክሳንደር ላስ ቬጋስ በተሰበሰቡ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ፊት ቆመው የስለላ ፕሮግራሞቻቸው መቶ በመቶ ኦዲት እንደሚደረጉ ያረጋግጡ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ሕዝቡን «እያንዳንዱን ፍለጋ እንመዘግባለን፣ ማንም አላግባብ አይነካችሁም» የሚለው ተቋም፣ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ ከራሱ ሰርቨር ምን ይዞ እንደወጣ ማወቅ አልቻለም። ስኖውደን ከሰነዶቹ አንዱንም ይፋ ባያደርግ እንኳ ይዟቸው መውጣቱ ብቻውን ማስረጃ ነበር።

ያየው ነገር

ጁን 5 ቀን ጋርዲያን የመጀመሪያውን ሰነድ አተመ። የውጭ ስለላ ጉዳዮችን የሚያየው ምስጢራዊ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 25 ቀን 2013 ያወጣው ትእዛዝ ነው። የስልክ ኩባንያው የቬራይዘን አንድ ክፍል የደንበኞቹን የስልክ መዝገብ ሁሉ እስከ ጁላይ 19 ድረስ በየቀኑ ለኤንኤስኤ እንዲያስረክብ ያዛል። ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ደቂቃ። የተጠርጣሪ ስም የለም፤ ሁሉም ነው። በማግስቱ ፕሪዝም የተባለው፣ ከታላላቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች መረጃ የሚሰበሰብበት ፕሮግራም ታወቀ።

«ንግግሩን እስካልሰሙት ምን አለበት?» የሚል መልስ ብዙ ተሰምቷል። ይህን የሚል ሰው የስልክ መዝገብ በእጁ ይዞ አያውቅም። አንዲት ሴት ጠዋት ለሐኪሟ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለእናቷ፣ ከሰዓት የካንሰር ሕክምና ለሚሰጥ ማዕከል፣ ማታ ለጠበቃ ብትደውል፣ ምን አለች ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል? ንግግር ይዋሻል፣ ይሸፋፈናል። መዝገቡ ግን ዝም ብሎ ይቆጥራል።

ከዚህ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች 12 ቀን 2013፣ ሴናተር ሮን ዋይደን የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩን ጄምስ ክላፐርን በአደባባይ ጠይቀዋቸው ነበር፤ ኤንኤስኤ በሚሊዮኖች ወይም በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ አሜሪካውያን ላይ ማንኛውንም ዓይነት መረጃ ይሰበስባል ወይ? ክላፐር አይሰበስብም፣ ሆን ተብሎ አይሰበስብም ሲሉ መለሱ። ስኖውደን የመጨረሻው የትዕግሥት ገመድ የተበጠሰው ይህን ሲያይ እንደሆነ ይናገራል። እዚህ ላይ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ለጋዜጠኛው ግሌን ግሪንዋልድ የመጀመሪያውን መልእክት የላከው በዲሴምበር 2012 ነው፤ ማለትም ከክላፐር መልስ በፊት። ውሳኔው አስቀድሞ እየበሰለ ነበር፤ የክላፐር መልስ አጸናው ቢባል ከእውነቱ ይቀርባል።

መንግሥት እንደ ሩት አካውንት

በዚያ የሆቴል ቪዲዮ ውስጥ ስኖውደን አንድ ከባድ ነገር ተናገረ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የግል ኢሜይሉን ካገኘሁ ማንንም መጥለፍ እችል ነበር አለ፤ የሂሳብ ሠራተኛን፣ የፌዴራል ዳኛን፣ ፕሬዚዳንቱንም ጭምር። ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ሥልጣን አልነበረውም ብለው አስተባበሉ። በሕግ ቋንቋ ትክክል ናቸው። በሙያችን ቋንቋ ግን «መመሪያው ይከለክላል» እና «ሲስተሙ አይፈቅድም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው የሰውን ጨዋነት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አይፈልግም። ስኖውደን «እችል ነበር» ሲል የሚናገረው ሰርቨሩ ስለሚፈቅደው ነገር ነው፤ እነሱ ሲመልሱ መመሪያው ላይ ስለተጻፈው።

መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ኤጀንሲው ራሱ አሳይቷል። በሴፕቴምበር 2013 የኤንኤስኤ ዋና ኢንስፔክተር ለሴናተር ቻርለስ ግራስሊ በጻፉት ደብዳቤ ከ2003 ወዲህ ሆን ተብሎ ሥልጣንን አላግባብ የመጠቀም 12 ጉዳዮች ዘርዝረዋል። አንዱ ሠራተኛ መዳረሻ በተሰጠው በመጀመሪያው ቀን ያደረገው የቀድሞ ፍቅረኛውን ስድስት የኢሜይል አድራሻዎች መፈለግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን! አሥራ ሁለት ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ የታወቁት ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው ስለተናዘዙ ነው፤ ያልተናዘዘውን ማን ይቆጥረዋል?

ከዚህ ተነሥቶ ነው የስኖውደን አስተሳሰብ የተገነባው። አድሚን ሆኖ የኖረ ሰው ሥልጣንን የሚያየው እንደ ሩት አካውንት፣ ማለትም በሲስተሙ ላይ ሁሉን ማድረግ እንደሚያስችለው አካውንት ነው። ሩት የሚይዘው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚገደበው፤ ማንም ሰው ቢሆን ያለ ገደብ ሊይዘው ስለማይገባ ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ፈቃድ ይኑረው የሚለው የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፍተሻ ምክንያት ይኑረው፣ ቦታውና ዕቃው ተለይቶ ይጠቀስ ይላል። «እኔ የምደብቀው የለኝም» ለሚሉት ስኖውደን በ2015 የሰጠው መልስ፣ ይህ የምናገረው ስለሌለኝ የመናገር ነጻነት ግድ አይሰጠኝም ከማለት አይለይም የሚል ነው። እኛ ደግሞ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንላለን። አጥር የሚታጠረው ሌብነት ለመደበቅ አይደለም።

ሰነዶቹን ለጋዜጠኞች ሲሰጥ በጻፈው መልእክት የቶማስ ጄፈርሰንን የ1798 ቃል ወስዶ ለውጦታል። ጄፈርሰን በሰው ላይ ስላለ እምነት አታውሩኝ፣ ክፋት እንዳይሠራ በሕገ መንግሥት ሰንሰለት እሠሩት ያሉትን፣ ስኖውደን በምስጠራ (መረጃን ቁልፍ የሌለው እንዳያነበው በሒሳብ በመቆለፍ) ሰንሰለት ብሎ ጻፈው። ይህ የወጣት አድሚን እምነት ነው፤ እኔም ብዙ ዓመት የኖርኩበት። ዛሬ ግን በሙሉ አልቀበለውም። ምስጠራ የሒሳብ ሥራ ቢሆንም በሰው እጅ የሚጻፍ ነው። ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ራሳቸው በሴፕቴምበር 2013 እንዳሳዩት ኤንኤስኤ የምስጠራ ደረጃዎች ከጅምሩ እንዲዳከሙ ይሠራ ነበር። ሰንሰለቱን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ የታሳሪው ወዳጅ ከሆነ ሰንሰለቱ አይጠቅምም። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ወደ ሕግ፣ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ምክር ቤት መመለስ አይቀርም።

አንድ ነገር ላይ ግን ፍጹም እስማማለሁ። በአንድ ቦታ የተከማቸ ነገር አንድ ቀን ይወጣል። ከአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ መሰረቁ በ2015 ታወቀ፤ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ ጭምር። የደኅንነት ፈቃድ ለማግኘት የተሞሉ ቅጾች ነበሩበት፣ ማለትም የዘመድ ስም፣ ዕዳ፣ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ። በ2017 ደግሞ ኤንኤስኤ ለራሱ የያዘው የዊንዶውስ ቀዳዳ (የደኅንነት ጉድለት) ከእጁ ወጥቶ በሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእሱ ተጠቅሞ ዓለምን አዳረሰ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የይለፍ ቃል ብትቀይር ትቀይራለህ፤ ጣትህን ግን በምን ትቀይረዋለህ?

በር ነበር ወይ?

«ለምን በተገቢው መንገድ አላመለከተም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከሱ በፊት ያመለከቱት ምን ሆኑ? የቀድሞ ወታደርና ከ30 ዓመት በላይ በኤንኤስኤ ያገለገለው ዊልያም ቢኒ በ2001 ለቆ ወጣ፤ ቅሬታውን ለምክር ቤት አባላትና ለመከላከያ ኢንስፔክተር ካቀረቡት አንዱ ነው። በ2007 የኤፍቢአይ ሰዎች መሣሪያ ደግነው ቤቱ ገቡ። ሌላው የኤንኤስኤ ሠራተኛ ቶማስ ድሬክ በ2010 በስለላ ሕግ ተከሰሰ፤ ክሱ ፈራርሶ በ2011 በቀላል ጥፋት የአንድ ዓመት የገደብ ቅጣትና 240 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተወሰነበት። በኦክቶበር 2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለስለላ ሠራተኞች ጥበቃ የሚሰጥ መመሪያ አውጥተዋል፤ እንደ ስኖውደን ያለውን የኮንትራት ሠራተኛ ግን ከመንግሥት ቅጥር እኩል አልሸፈነም።

እሱ ከአሥር ለሚበልጡ ሰዎች ሥጋቴን ተናግሬአለሁ ይላል። ኤጀንሲው አገኘሁ ያለው አንድ ኢሜይል ብቻ ነው፤ በኤፕሪል 2013 ለሕግ ክፍል የተላከ፣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝና በምክር ቤት የጸደቀ ሕግ ሲጋጩ የቱ ይበልጣል የሚል ጥያቄ። ኤጀንሲው ተራ የሥልጠና ጥያቄ ነው አለው። እኔ ሳነበው የሚሰማኝ ሌላ ነው፤ ሰውየው በሩን በቀስታ አንኳኩቶ ሰው ይኖር እንደሆነ የሰማ ይመስለኛል።

የሚከብደው ወገን

ስኖውደንን ስደግፍ የሚያንገዳግደኝ ነገር አለ፤ ሳልጽፈው ባልፍ ይህ የጉዳይ ጥናት አይሆንም። የተወካዮች ምክር ቤት የስለላ ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ሪፖርት ከወሰዳቸው ሰነዶች እጅግ የሚበዙት ከግለሰቦች ነጻነት ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ የመከላከያና የውጭ ስለላ ሰነዶች ናቸው ብሏል። የኮሚቴውን ቋንቋ ምሬት ብንቀንስለት እንኳ ፍሬ ነገሩ ይቀራል። መንግሥት በጅምላ ሰበሰበ ብሎ የከሰሰው ሰው እሱም የሰበሰበው በጅምላ ነው። ለሥራህ የሚበቃህን ብቻ ውሰድ የሚለው ሕግ ለአድሚኑም ይሠራል። የቬራይዘንን ትእዛዝ ለማውጣት አንድ ሰነድ ይበቃ ነበር።

እሱ ራሱ አንድም ገጽ እንዳላተመ፣ ምን ይውጣ የሚለውን ለጋዜጠኞች ፍርድ እንደተወ ይከራከራል። እውነት ነው፤ የታተመው ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ነገር ግን ከታተሙት መካከል ከአሜሪካውያን የስልክ መዝገብ ርቀው የሚሄዱ አሉ። ለምሳሌ በ2017 የወጣው፣ ኤንኤስኤ ከፌብሩዋሪ 2002 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ስላቋቋመው የመጥለፊያ ማዕከል የሚተርከው ይገኝበታል። ያ መታወቁ ለእኛ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በመጠበቅ መሐላ ግን አይሸፈንም፤ ሌላ መከራከሪያ ይፈልጋል፣ እሱም በበቂ አላቀረበውም።

ከዚያ ሩሲያ አለች። ጁን 23 ቀን 2013 ሞስኮ ሲያርፍ ፓስፖርቱ ተሰርዞ ስለነበር ከአንድ ወር በላይ ሸረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቆየ፤ ኦገስት 1 ጊዜያዊ ጥገኝነት አገኘ። በ2020 ቋሚ ነዋሪነት፣ በሴፕቴምበር 2022 ዜግነት ተሰጠው። ሄዶ የቀረበት አገር እሱ ያወገዘውን ዓይነት ስለላ ያለ ምንም ገደብ የሚፈጽም ነው። ቦታውን አልመረጥኩትም ይላል፤ ያምንበታልም። ቢሆንም ያ ቦታ በየዓመቱ ቃሉን እያሳጠረበት መጥቷል፣ ይህም ያሳዝነኛል።

የቀረው

በጃንዋሪ 2014 የግላዊነትና የሲቪል ነጻነት ቁጥጥር ቦርድ የስልክ መዝገቡን ፕሮግራም መርምሮ፣ በአሜሪካ ላይ ከተቃጣ ሥጋት ጋር በተያያዘ በአንድም የጸረ ሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አጋጣሚ አላገኘሁም አለ። በሜይ 2015 የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ ይህን ዓይነት የመረጃ አሰባሰብ አይፈቅድም ሲል ወሰነ። ጁን 2 ቀን 2015 አዲስ ሕግ ተፈረመ፤ መዝገቡ በስልክ ኩባንያዎች እጅ እንዲቆይ፣ መንግሥት በተለየ መጠየቂያ ብቻ እንዲያገኘው ተደረገ። በሴፕቴምበር 2020 የካሊፎርኒያው ይግባኝ ፍርድ ቤት 8,500 ዶላር ለአል ሸባብ በመላክ በተፈረደበት የሳንዲያጎ የታክሲ ሹፌር መዝገብ ላይ ያው ፕሮግራም ሕግ የጣሰ ነበር አለ፤ የጥፋተኝነት ፍርዱን ግን አጸናው። ፕሪዝም የቆመበት የሕግ ክፍል ግን ቀጠለ፤ በኤፕሪል 2024 ለሁለት ዓመት ታድሶ ነበር። በስኖውደን ላይ የቀረበው የ1917ቱ የስለላ ሕግ ክስም አልተነሣም። ያ ሕግ ተከሳሹ ሰነዱን ለሕዝብ ጥቅም አወጣሁ ብሎ እንዲከራከር ቦታ አይሰጥም። ስኖውደን የሚመለሰው ዳኞቹ ለምን እንዳደረገው እንዲሰሙ ከተፈቀደ ብቻ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

በኤጀንሲው ውስጥ የተለወጠው ፈጥኖ ተለወጠ። ጁን 2013 ሳያልቅ ጄኔራል አሌክሳንደር አንድ አድሚን ብቻውን ሚስጥራዊ መረጃ እንዳያወጣ የሁለት ሰው ደንብ እንደሚዘረጋ አስታወቁ፤ በኦገስት ደግሞ ወደ 1,000 ከሚጠጉት አድሚኖች 90 በመቶውን ለመቀነስ ማቀዳቸውን ተናገሩ።

የ2015ቱ ሕግም ለምስጢራዊው ፍርድ ቤት ሁለተኛ ሰው አምጥቶለታል። እስከዚያ ድረስ ዳኛው የሚሰማው የመንግሥትን ወገን ብቻ ነበር፤ አሁን አዲስ ወይም ከባድ የሕግ ጥያቄ ሲነሣ የዜጎችን መብት ወክሎ የሚከራከር ባለሙያ ይሾማል። ዳኛው አያስፈልግም ብሎ ካመነ ግን ላይሾም ይችላል። አድሚኑን ሰርቨሩ ፊት ብቻውን እንዳይቆም የሚከለክለው ደንብ እንዲህ ያለ ምርጫ አይሰጥም።